6ዲዬን ልቀይር ወይስ ልቆይበት? ከጥር እስከ ሰኔ የፈጀብኝ ውሳኔ

ሰርግ አነሳለሁ። ክርስትናም መልስም ምርቃትም እሰራለሁ ግን እንጀራዬ ሰርግ ነው፣ አዲስ አበባ ውስጥ፣ አብዛኛው ጥር ላይ እና ከፋሲካ በኋላ። ካሜራዬ ካኖን 6ዲ ነው። በ2007 ዓ.ም. ነው የገዛሁት፣ ፉል ፍሬም (ሴንሰሩ የድሮው ፊልም ፍሬም ያህል ትልቅ) ስለሆነ እና ከ5ዲ ማርክ 3 በጣም ስለሚረክስ፣ አሜሪካ ገበያ ሲወጡ 6ዲ 2,099 ዶላር ነበር ማርክ 3 ደግሞ 3,499። ከሱ ጋር 24-105 ኤፍ 4፣ 50 ኤፍ 1.8 እና 85 ኤፍ 1.8 ሌንሶች አሉኝ። 10 ዓመት ሙሉ በዚህ ነው የሰራሁት፣ ታዲያ ላለፉት ሶስት አራት ዓመታት ያገኘኝ የሙያ ጓደኛ ሁሉ "አሁንም እሷኑ ነሽ እንዴ፣ ቀይሪያት እንጂ" ይለኛል። በ2017 ጉዳዩን ቁጭ ብዬ መረመርኩት፣ እንዴት እንደወሰንኩ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፣ እኔ የነበርኩበት ቦታ ላይ ያለ ሰው ብዙ ስለማውቅ ነው።

ነገሩን የቀሰቀሰው አንድ የጥር ሰርግ ነው። ጠዋት ሙሽራዋ ቤት፣ ሊወጡ ሲሉ ጉልበት የሚሳምበት ሰዓት። ሰርግ ያነሳ ሰው ያውቀዋል ይሄን ሰዓት፣ ሳሎኑ ጠባብ ነው፣ ዘመድ በር ላይ ተጨናንቋል፣ ብርሃኑ ከአንድ መስኮት ብቻ ነው የሚመጣው፣ ሙሽሮቹ ከቆሙበት ጎንበስ ይላሉ ጉልበት ይስማሉ ቀና ሲሉ እናት አቅፋ ታለቅሳለች፣ አለቀ። እንደገና አድርጉልኝ አይባልም። ሙሽራዋ የአያቷን ጉልበት ስትስም 11 ፍሬም አነሳሁ፣ ማታ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው በዘጠኙ ፎከሱ ያለው ከኋላ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የቤተሰብ ፎቶ ላይ ነው። ሁለቱ ላይ ፎከሱ ደህና ነው ግን በሁለቱም የአያትየው ፊት አይታይም። በጣም ነው ያዘንኩት፣ ምክንያቱም አያትየው ለዛች ቀን ብለው ከገጠር ነው የመጡት።

በዛው ሳምንት ደግሞ ሌላ መጣ። ሌላ ሰርግ ጨርሼ ሚሞሪውን ኮምፒውተር ላይ ስሰካ ካርዱ ፎርማት ይደረግ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ተክሊሉ በሙሉ እዛ ካርድ ላይ ነው ያለው። እጄ ተንቀጠቀጠ። ሪከቨሪ ሶፍትዌር አውርጄ ሌሊቱን ሙሉ ፎቶዎቹን ስፈልግ አደርኩ፣ ከ30 ምናምን ፎቶ በስተቀር ተመለሰልኝ፣ የጠፉትም ቅዳሴው ሲጀመር የነበሩ ስለሆኑ ሙሽሮቹ ሳይጎድልባቸው አለፈ። ግን እስኪነጋ ድረስ ለሙሽራዋ እናት ምን ብዬ እንደምነግራቸው ነበር የማስበው።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ሰርግ የለም፣ ስለዚህ ጊዜ አገኘሁ። ካሜራ ከማየት እና ሪቪው ከመስማት በፊት አንድ ነገር አደረኩ፣ እስካሁን ካደረኩት ሁሉ የሚጠቅም እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። የሶስቱን የጥር ሰርጎች ራው ፋይል (ካሜራው የሚሰጠውን ጥሬ ፋይል) ከፍቼ ለደንበኛ ያልሰጠኋቸውን የተበላሹ ፎቶዎች ብቻ አወጣሁ፣ ወደ 400 የሚጠጉ ናቸው፣ እያንዳንዱን ለምን ተበላሸ ብዬ በፎልደር ከፋፈልኩት። ፎከስ የሳተ። እጅ ወይ ሰው የተንቀሳቀሰበት። ኖይዝ ማለትም ጥራጥሬ የሚመስል ነጠብጣብ የበዛበት። ዓይን የጨፈነ። ብርሃን አለካክ የተሳሳተ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

እኔ በልቤ የያዝኩት ችግር ኖይዝ ነበር፣ ቤተክርስቲያን ውስጥ ጨለማ ስለሆነ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ስጨምር ፎቶው ይበላሽብኛል ብዬ ነው ለሰው ሁሉ የምናገረው። የኖይዝ ፎልደር ውስጥ የገባው ግን አስር እንኳን አልሞላም። 6ዲ በአይኤስኦ 6400 ዛሬም ደህና ነው፣ ብርሃኑን በትክክል ከለካሽለት። ሜጋፒክስል አንሶኝ የተበላሸ አንድም የለም። ከግማሽ በላይ የሆነው ፎከስ ነው፣ ቀጥሎ የተንቀሳቀሰ፣ እሱም አብዛኛው በ1/60 እና በ1/80 ሰከንድ ያነሳሁት ማለትም አይኤስኦ ፈርቼ ሻተር ስፒድ ያወረድኩበት። ያ የካሜራው ጥፋት አይደለም፣ የኔ ነው።

ፎከስ የሳተውን ደግሞ እንደገና ስከፍለው ሁለት ዓይነት ሆነ። አንደኛው 85ቱ ሌንስ ላይ ብቻ ነው፣ ሰውየው ቆሞ እንኳን ሁልጊዜ ዓይን ላይ ሳይሆን ጆሮ ላይ ነው የሚያርፈው። ሌንሱ እና ካሜራው አልተጣጣሙም ማለት ነው። 6ዲ ሜኑ ውስጥ ይሄን የሚያስተካክል የኤኤፍ ማይክሮአጀስትመንት የሚባል ነገር አለ፣ አስር ዓመት ይዤው አንድ ቀን ነክቼው አላውቅም። ግድግዳ ላይ ጋዜጣ ለጥፌ ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አድርጌ ሂደቱን ሶስት ጊዜ ደጋገምኩት፣ ተስተካከለ።

ሁለተኛው ዓይነት ግን ከ6ዲ አሰራር የሚመጣ ነው። ካሜራው 11 የፎከስ ፖይንት አለው፣ ከነሱ ክሮስ የሚባለው፣ አግድምም ቁመትም መስመር አይቶ የሚይዘው፣ የመሃሉ አንዱ ብቻ ነው። የመሃሉ በጣም ጎበዝ ነው፣ ጨለማ ውስጥ እስከ -3 ኢቪ (የብርሃን መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ጨለማ ነው) ይይዛል፣ የጎኖቹ ግን ደብዛዛ ብርሃን ላይ ይንከራተታሉ። ስለዚህ የ6ዲ ሰው ሁሉ በመሃሉ ዓይን ላይ ይይዝና ካሜራውን አዙሮ ፍሬሙን ያስተካክላል። እዚህ ጋ ነው ችግሩ፣ በ85 ኤፍ 1.8 ከሁለት ሜትር ላይ ስታነሺ ጥርት የሚለው ውፍረት ከፊትም ከኋላም ተደምሮ 6 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፣ ካሜራውን 10 ዲግሪ ብታዞሪው ደግሞ የፎከሱ ቦታ ወደ 3 ሴንቲሜትር ይሸሻል። ማለት ሰውየው ሳይንቀሳቀስ እንኳን ጠርዝ ላይ ነሽ። ሙሽራ ጎንበስ ስትል ደግሞ ከመሃሉ ፖይንት ትወጣለች፣ ፖይንቱ ከኋላዋ ያለውን ግድግዳ ይይዛል። የአያትየው ፎቶ እንደዛ ነው የሆነው።

በጾሙ ውስጥ ሁለት ክርስትና ነበረኝ፣ አንዱ የ40 ቀን ወንድ ልጅ፣ አንዷ የ80 ቀን ሴት። ክርስትና ጥሩ ፈተና ነው፣ ከንጋት በፊት ይጀመራል፣ ፍላሽ አልጠቀምም፣ ህፃኑ ውሃ ውስጥ ሲነከር ሁሉ ነገር በፍጥነት ነው። አንድ ብር ሳላወጣ የቀየርኩትን ሁሉ ይዤ ገባሁ፣ 85ቱ ተስተካክሏል፣ ሻተር ከ1/200 በታች አላወርድም፣ አይኤስኦ 6400 ያለ ፍርሃት፣ አፐርቸር ከ1.8 ወደ 2.8፣ የሌንሱ ቀዳዳ ሲጠብ ጥርት የሚለው ውፍረት ስለሚጨምር። ልዩነቱ ገረመኝ፣ የተበላሸው ፎቶ በግማሽ ቀነሰ ብል ማጋነን አይሆንም። ያን ቀን ካሜራ አልቀይርም ብዬ ወስኜ ነበር፣ ለእህቴም ነገርኳት።

ሃሳቤን ያስቀየሩኝ ጋሼ ናቸው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰፈራችን ስቱዲዮ የነበራቸው ትልቅ ሰው፣ አሁን ስራ አቁመዋል። የካርዱን ታሪክ ሳወራላቸው ስለ ፎከሱ ምንም አልጠየቁኝም።

"አንቺ ልጅ፣ የምታነሺው ስንት ቦታ ነው የሚቀመጠው?" አሉኝ።

"አንድ ካርድ ነው ጋሼ፣ ካሜራው አንድ ነው የሚይዘው።"

"እኛ በፊልም ጊዜ ሁለት ካሜራ ነበር የምንይዘው። ፊልሞቹንም ሁሉንም በአንድ ቀን ላቦራቶሪ አናስገባም፣ ግማሹን ዛሬ ግማሹን ነገ። ቢበላሽ ሰርጉ በሙሉ እንዳይሄድ ብለን። አሁን ይሄን ሁሉ ቴክኖሎጂ ይዛችሁ ከኛ ያነሰ ነው ጥንቃቄያችሁ።"

ልክ ናቸው። ፎከሱን በልምድ ማሻሻል እችላለሁ፣ ሁለተኛ ካርድ ግን በልምድ አይፈጠርም። ከዛ ቀን ጀምሮ ጥያቄዬ ተቀየረ፣ የትኛው ካሜራ የተሻለ ፎቶ ያነሳል መሆኑ ቀርቶ በየትኛው ካሜራ የሰው ሰርግ በአንድ ካርድ ላይ ተንጠልጥሎ አይውልም ሆነ።

በዚህ ሳያቸው አማራጮቹ ቶሎ ቶሎ ወደቁ። የካኖኑ አር8 በጣም አጓጉቶኝ ነበር፣ የአር6 ማርክ 2ን ሴንሰር ይዞ 1,499 ዶላር የወጣ፣ ከነባትሪው 461 ግራም የሚመዝን፣ ግን ካርዱ አንድ ነው፣ ባትሪውም ትንሹ ኤልፒ-ኢ17 ስለሆነ ያሉኝ አራት ባትሪዎች አይገቡለትም። ሶኒ እና ኒኮን ጥሩ ናቸው፣ ግን ሌንሶቼን ሸጬ እንደገና መግዛት ነው፣ ተውኩት። ያገለገለ 5ዲ ማርክ 3 አንድ ጓደኛዬ ሊሸጥልኝ ፈልጎ ነበር፣ ባለ 61 ፖይንት ነው፣ ሁለት ካርድ ይይዛል፣ አንድ ሲኤፍ አንድ ኤስዲ፣ ሌንሶቼ ያለ ምንም ነገር ይገቡለታል። ቀላሉ እሱ ነበር። ግን እሱም የወጣው እ.ኤ.አ. 2012 ነው፣ የኔው እኩያ፣ የኤስዲ ስሎቱ ቀርፋፋ ስለሆነ ሁለቱም ላይ ስትጽፊ ካሜራው ይዘገያል፣ ጓደኛዬም ደግሞ ስንት ጊዜ እንደተተኮሰ አያውቅም፣ ሻተሩ የተገመተለት ለ150,000 ነው እሱ ደግሞ እንደኔ ሰርግ አንሺ ነው፣ በሳምንት ሁለት ሶስት ሺህ የሚያነሳ ሰው።

የቀረው የካኖኑ አር6 ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የመጀመሪያው። ሁለት የኤስዲ ስሎት፣ ሻተሩ ለ300,000፣ ሴንሰሩ ራሱ የእጅ መንቀጥቀጥ ያረጋጋል፣ ኤልፒ-ኢ6 ባትሪዎቼ ይሰሩለታል (በአሮጌ ባትሪ በሰከንድ 12 ፍሬም የሚባለውን ሙሉ ፍጥነት አይሰጥም፣ ለኔ ግድ የለኝም)፣ ያሉኝ ኢኤፍ ሌንሶችም (የ6ዲ ዓይነት አገጣጠም ያላቸው) በአዳፕተር ማለትም በመሃል በሚገባ ማገጣጠሚያ ኦቶፎከሳቸው ሳይቀር ይሰራሉ። አንድ ሰው ግን ሜጋፒክስሉን ሲሰማ "እንዴ፣ 20.1 ነው፣ ያንቺ እኮ 20.2 ነው፣ ወደ ኋላ ልትሄጂ ነው?" አለኝ። እውነቱን ነው፣ የሁለቱም ፎቶ 5472 በ3648 ፒክስል ነው፣ በ300 ዲፒአይ 46 በ31 ሴንቲሜትር ይወጣል፣ የኔ ትልቁ አልበም ከዛ አይበልጥም። ብዙ ደንበኛ "ካሜራሽ ስንት ሜጋ ነው" ብሎ ነው ዋጋ የሚከራከረው፣ እዚህ ላይ ግን የሚጨምርልኝ ነገር አልነበረም፣ አልፈለኩትምም።

ሳልሞክር መግዛት ስላልፈለኩ ተከራየሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ካሜራ የሚያከራይ ሞልቷል፣ መታወቂያ እና ተያዥ ከተገኘ የቀን ኪራይ ነው። የዳግማይ ትንሣኤ ሰርግ ላይ አር6ን አንገቴ ላይ 6ዲን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ዋልኩ፣ ዋናውን ስራ በ6ዲ እየሰራሁ፣ በማላውቀው ካሜራ የሰው ሰርግ መፈተኛ አይደረግም።

ጉልበት ሲሳም ግን አር6ን አነሳሁ። የዓይን ፎከሱን፣ ዓይን ፈልጎ የሚከተለውን፣ ከፍቼው ነበር። ሙሽራው ጎንበስ ሲል ትንሿ ሳጥን ከዓይኑ ወደ ጭንቅላቱ ሄደች፣ ቀና ሲል ተመልሳ ዓይኑ ላይ ተቀመጠች፣ እኔ ካሜራውን ምንም አላዞርኩም፣ አባቱን እና እሱን ፍሬም ውስጥ ማስገባት ብቻ ነበር ስራዬ። ከ14 ፍሬም 12ቱ ጥርት ያሉ። አባትየው ግንባሩን ሲስሙት ያለችው ፍሬም እስካሁን ካነሳኋቸው ሁሉ ከምወዳቸው አንዷ ናት፣ አልበሙም የሚከፈተው በሷ ነው።

ቤተክርስቲያን ውስጥ ደግሞ በኤሌክትሮኒክ ሻተር ድምፅ የለውም፣ ጭራሽ። 6ዲም ሳይለንት ሞድ አለው ግን መስታወቱ ይሰማል፣ ቄሱ ሲያስተምሩ ሰው ዞር ይላል። እዚህ ማንም አልዞረም።

አዳራሹ ላይ ግን ድምፅ አልባውን ሻተር እንደያዝኩ ገባሁና መድረኩ ላይ ያሉት የኤልኢዲ መብራቶች ፎቶው ላይ አግድም ጥቁር መስመር ጣሉብኝ። ኤሌክትሮኒክ ሻተር ሴንሰሩን ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ስለሚያነብ ነው፣ መብራቱ ደግሞ ለዓይን ባይታይም ይበራል ይጠፋል፣ ስለዚህ አንዱ መስመር ብርሃን ሲያገኝ ሌላው ጨለማ ላይ ይደርሳል። ወደ ሜካኒካል ሻተር መለስኩት፣ አንቲ ፍሊከሩንም (የመብራቱን ብልጭታ የሚከላከለውን) አበራሁ፣ ለቀቀኝ። ይሄን ሳላውቅ በገዛ ካሜራዬ የመጀመሪያ ሰርግ ላይ ቢሆን ኖሮ ምን እሆን ነበር ብዬ አስባለሁ፣ ኪራዩ በዚህ ብቻ ዋጋውን መልሷል።

ቤት ስገባ ደግሞ ፋይሎቹ አልከፍት አሉኝ። አር6 የሚጽፈው ሲአር3 ነው፣ እኔ ያለኝ አሮጌው ላይትሩም፣ ፎቶ ኤዲት የማደርግበት ሶፍትዌር፣ የሚያውቀው የ6ዲን ሲአር2 ነው። በነፃ በሚገኘው የአዶቤ ዲኤንጂ ኮንቨርተር እየቀየርኩ አስገባሁት፣ ይሰራል ግን ጊዜም የዲስክ ቦታም ይበላል። ካሜራ ስትገዙ ይሄን ዓይነቱን ወጪ አብራችሁ አስሉት፣ ሱቅ ላይ ማንም አይነግራችሁም።

ከዛ ሁለቱን አወዳደርኩ። በአይኤስኦ 6400 ያነሳኋቸውን ሁለት ተመሳሳይ ፎቶዎች አሳትሜ ለእህቴ እና ለጋሼ አሳየሁ፣ የቱ ከየትኛው እንደሆነ አላወቁም፣ እኔም ስሙን ሸፍኜ አንዴ ተሳስቻለሁ። የታየው ልዩነት ቀን ላይ ነው። ቀትር ፀሐይ ላይ ነጭ ሐበሻ ቀሚስ እና ጥቁር ሱፍ አጠገብ ለአጠገብ ሲቆሙ፣ ቀሚሱ እንዳይቃጠል፣ ማለትም ዝርዝሩ ጠፍቶ ነጭ ብቻ እንዳይሆን፣ ብርሃን ትቀንሻለሽ፣ ከዛ የፊታቸውን እና የሱፉን ብርሃን በኤዲቲንግ ከፍ አድርገሽ ታነሺያለሽ። 6ዲ ላይ ጥላውን ብዙ ካነሳሁት ሱፉ ውስጥ መስመር መስመር የሚመስል ቆሻሻ ይወጣል፣ የኛ የጠይም ፊት ላይም ቀለሙ ይደፈርሳል፣ አር6 ላይ ንጹህ ሆኖ ይነሳል። ይሄን አልጠበኩትም ነበር፣ ለኛ አገር ሰርግ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም የቀሚሱ ጥለት እና የፊት ቀለም ሁለቱም ካልወጡ ፎቶው ጎደሎ ነው።

ገንዘቡ ነበር የቀረው። እዚህ ላይ የሚቆጨኝ አለ። በ2015 ብር ቆጥቤ ጨርሼ "ትንሽ ልጠብቅ፣ ይረክሳል" ብዬ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ ሲሆን 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 አለፈ፣ ካሜራው በዶላር ሲረክስ የኔ ብር ከሱ በላይ ረከሰ። ስለዚህ "ቆይ ይርከስ" የሚለው ምክር አሜሪካ ላለ ሰው ይሰራ ይሆናል፣ በብር ለሚቆጥብ ሰው ግን ሁለት ዋጋ ነው መከታተል ያለበት።

ቨርጂኒያ ያለ የአክስቴ ልጅ ሰኔ ላይ ሊመጣ ስለነበር ያገለገለ አር6 እንዲፈልግልኝ ለመንኩት፣ ከአዲስ አር8 ባነሰ ዋጋ አገኘልኝ። ከአራት ሰርግ ገቢዬ በላይ ነው እንግዲህ። ከመክፈሉ በፊት በቪዲዮ እያየሁ ያስደረኩት ይሄ ነው፦ ሁለቱም ስሎት ላይ ካርድ አስገብቶ ማንሳት፣ ሌንስ ነቅሎ ሴንሰሩን ማሳየት፣ ነጭ ወረቀት በኤፍ 16 አንስቶ ቆሻሻ ካለ ማየት፣ የባትሪ እና የካርድ በሮቹ በደንብ መዝጋታቸውን፣ አዳፕተሩ ከሌንስ ጋር ሳይላላ መግጠሙን። አንድ ሻጭ ሁለተኛውን ስሎት ላሳይ ሲባል ካርድ የለኝም ብሎ አንገራገረ፣ ትተነው ሄድን።

አንዲት ጓደኛዬ ታሪኬን ሰምታ እሷም ልትቀይር ተነሳች። 5ዲ ማርክ 2 ነው ያላት፣ እ.ኤ.አ. የ2008 ካሜራ፣ ከኔም ይበልጣል፣ 9 የፎከስ ፖይንት ብቻ። ግን እሷ ስቱዲዮ ውስጥ ጉርድ ፎቶ እና ለሱቆች የዕቃ ፎቶ ነው የምትሰራው፣ በመብራት፣ በአይኤስኦ 100፣ በኤፍ 8፣ የሚነሳው ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ። የተበላሹትን አብረን ከፋፈልን፣ አብዛኛው ዓይን የጨፈነ እና የጀርባው ጨርቅ የተጨማደደ ነው። አንቺ አትግዢ አልኳት፣ የመብራቶቿን ሶፍትቦክስ ቀየረች በቃ።

እኔ ጋ 6ዲ አልተሸጠም። ሊከፈለኝ የሚችለው ትንሽ ነው፣ እኔ ደግሞ ሁለተኛ ካሜራ ያስፈልገኛል፣ አዳራሽ ውስጥ 24-105ን አስሬ ለጠረጴዛ እና ለሕዝቡ እሰራበታለሁ፣ ያለ ቅሬታ ይሰራል። አር6 ላይ 85ቱ አለ። ሁለቱም ካርዶች ላይ እኩል ይጽፋል፣ ካርዶቹን ከተለያየ ቦታ ነው የገዛኋቸው። ሰርጉ ሲያልቅ አንዱን እኔ አንዱን ረዳቴ ይዘን ወደየቤታችን እንሄዳለን፣ እስከ ጠዋት አናገናኛቸውም።